መርማሪውን መመርመር፦ የልብ ወለድ መርማሪ የሸሸገውን ድብርት ከዕለት ልማዱ ማንበብ

የወንጀል ልብ ወለድ ስናነብ ዐይናችን የሚሮጠው ገዳዩን ፍለጋ ነው። መርማሪው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ፊታችን ቆሞ ሳለ እሱን የሚመረምር የለም። ደራሲው መርማሪው ላይ ድብርት ሸሽጎ ከሆነ ደግሞ በእንባና በብሶት ንግግር አያሳየንም። ቡና ሲያቀርቡለት፣ ጫማውን ሲያወልቅ፣ የእድር መዋጮ ሲከፍል፣ ሌሊት ሲነቃ ነው የሚያሳየን። እነዚህን ቦታዎች በሥርዓት ለማንበብ የሚረዳ መንገድ ከዚህ በታች አለ። ምሳሌዎቹ ከደሴና ከኮምቦልቻ የተወሰዱት የአገሩ አንባቢ ብርዱንም ቁልቁለቱንም ቡናውንም ስለሚያውቀው፣ ልማድ ሲዛባ ቶሎ ስለሚታየው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይያዝ። መርማሪ ድብርቱን የሚደብቅበት ትልቁ ጓዳ ሥራው ነው። ቃል ይቀበላል፣ አሻራ ያስነሣል፣ መዝገብ ሲያገላብጥ ያድራል፤ አለቃውም ባልደረባውም «ጎበዝ ነው» ይሉታል። ለመዝገቡ የሚያደርገው ነገር ዐቃቤ ሕግ የሚጠብቀው፣ አለቃ የሚጠይቀው ስለሆነ ውስጡ ቢደርቅም በግዴታ ይቀጥላል። ቀድሞ የሚቀረው ማንም ሳያዘው ለራሱ ያደርገው የነበረው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ልማድ ስታገኙ መጀመሪያ «ይህ ለመዝገቡ ነው ወይስ ለራሱ?» በሉ። ለመዝገቡ የሆነውን ተዉት፤ ለራሱ የሆነውን ያዙት።

ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

ሐኪሞች ድብርት አለ ለማለት ዘጠኝ ምልክቶችን ይመለከታሉ፦ ቀኑን ሙሉ የሚከፋ ስሜት፤ ደስ ይል ከነበረው ነገር ደስታ ማጣት፤ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት መለወጥ፤ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፤ ሰው እስኪያስተውለው ድረስ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፤ ድካም፤ ራስን ከንቱ አድርጎ ማየት ወይም ያለመጠን ራስን መውቀስ፤ ሐሳብን መሰብሰብና መወሰን አለመቻል፤ ሞትን ደጋግሞ ማሰብ። ከዘጠኙ ቢያንስ አምስቱ፣ ከሞላ ጎደል በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት አብረው መታየት አለባቸው። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ የግድ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መሆን አለበት።

ለአንባቢ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው «ከፍቶኛል» ባይል፣ ለራሱም ባይታወቀው፣ ሁለተኛው ምልክት ብቻውን በሩን ይከፍታል። የተሸሸገ ድብርት በልብ ወለድ ውስጥ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የሚገባው በዚህ በር ነው፤ ሐዘን አይታይም፣ ደስታም የለም። ሐዘን የሚፈልግ አንባቢ ምንም ሳያገኝ መጽሐፉን ይዘጋል።

በአገራችን ደግሞ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሰውነት በኩል ነው። ራሴን ይከብደኛል፣ ጨጓራዬ ተነሣብኝ፣ ውስጤን ያቃጥለኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ ይባላል። መርማሪው መድኃኒት ቤት ደጋግሞ እየገባ የራስ ምታት ክኒን የሚገዛ ከሆነ፣ ደራሲው ግን በሽታውን አንድም ቦታ ካልነገረን፣ ገጹን መዝግቡት።

በጤና ተቋማት የሚሠራበት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መለያ ቅጽ አለ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፤ 10ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ እንዲደረግለት ይታሰባል። ይህን ቅጽ ለገጸ ባሕርይ ነጥብ መስጫ አታድርጉት። ቅጹ የተሠራው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት አስቦ ለሚመልስ ሕያው ሰው ነው፤ ደራሲ ደግሞ የመርማሪውን ቁርስ ሁሉ አይጽፍም። ለእናንተ የሚጠቅመው ምን ምን እንደምትፈልጉ ለማስታወስ ብቻ ነው።

መዝገብ ክፈቱ

መጽሐፉን መጀመሪያ ለደስታ ብቻ አንብቡት፤ ገዳዩን እወቁና ይውጣላችሁ። በሁለተኛው ንባብ ባለ መስመር ደብተር ያዙና ገጹን በአምስት ዓምድ ክፈሉት፦ ገጽ፣ ቀንና ሰዓት፣ ድርጊቱ፣ ወትሮ እንዴት ነበር፣ ሌላ ምን ሊያስረዳው ይችላል። ብዙ ሰው አምስተኛውን ይዘለዋል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ሁሉ ድብርት ይሆንበታል።

300 ገጽ ያለው መጽሐፍ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች ለወትሮው ብቻ ስጧቸው። ያኔ የምትፈልጉት ምልክት አይደለም፤ ሰውየው ደህና ሲሆን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነው። አንድ ጊዜ የተደረገ ነገር አጋጣሚ ነው። ሁለት ጊዜ የታየ ልማድ ነው። ልማዱ ተዛብቷል ለማለት ደግሞ በሦስት የተለያዩ ትዕይንቶች መዛባቱን ማየት አለባችሁ፤ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ብቻውን ሆኖ ሳለ መሆን አለበት። ብቻውን ያልታየ ሰው ገና አልታየም። እንደ ልማዱ፣ ሁሌም፣ ድሮ ድሮ፣ ያደርግ ነበር የሚሉ ቦታዎችን በእርሳስ አስምሩባቸው፤ ደራሲው ወትሮውን የሚያስቀምጥልን በእነሱ ነው።

መጽሐፉ ሲጀምር ሰውየው ቀድሞውኑ ሕመሙ ውስጥ ካለስ? ያኔ ወትሮው በሁለት ቦታ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፤ በሌላ ሰው አፍ («አንተ እኮ ዘፈን ሲሰማ እግሩ ዝም የማይል ሰው ነበርክ») እና በዕቃ። ክሩ የተበጠሰ ክራር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ታሪኩ ሐምሌ ላይ ሆኖ የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ሚያዝያ ላይ ቆሟል። ደራሲ መቁጠሪያ ሰቅሎ ወሩን ሲነግራችሁ ለጌጥ አይደለም።

ሁለቱን ሳምንት ለመቁጠር በዓላቱን ተጠቀሙ። የኛ ደራሲዎች ቀን ከሚጽፉ ይልቅ «ከአረፋ ማግሥት»፣ «ፍልሰታ ሊፈታ ሲል» ይላሉ፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ካገኛችሁ በመካከላቸው ያለውን ቀን መቁጠር ቀላል ነው። ታሪኩ በሙሉ በአራት ቀን የሚያልቅ ከሆነ ግን ስለ ድብርት የምትሉት ነገር ከጥርጣሬ አያልፍም፤ ወደ ኋላ የሚያሳይ ፍንጭ ካልተገኘ በቀር።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት

ከልማዶች ሁሉ ብዙ የሚናገረው እንቅልፍ ነው፤ ብዙ የሚያሳስተውም እሱ ነው። መርማሪ ሌሊት መሥራቱ የዘርፉ ወግ ስለሆነ አምሽቶ መተኛቱ ምንም አይነግራችሁም። የከበደ ድብርት መታወቂያ ሌላ ነው፤ ሰውየው ከለመደው ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይነቃል፣ ተመልሶም እንቅልፍ አይወስደውም። ከዚያ ጠዋቱ ከቀኑ ሁሉ ይከብደዋል፣ ወደ ማታ ይቀለዋል። ስለዚህ ትዕይንቶቹን በሰዓት ደርድሯቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ የሚያነበው ሰውዬ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ሲቀልድ ታገኙት ይሆናል። ችኩል አንባቢ «ይኸው ደህና ነው» ይላል፤ ሰዓቱን የመዘገበ ግን መልኩን ያያል።

ወሎ ላይ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ባለቤትም አለው። ማኅሌት የሚቆም አለ፣ በረመዳን ለስሑር የሚነሣ አለ፣ ለሱብሂ ሶላት የሚዘጋጅ አለ። ልዩነቱ ከነቃ በኋላ ባለው ነገር ነው። ለጸሎት የተነሣ ሰው ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ይወጣል፤ ሰውነቱ አቅጣጫ አለው። የታመመው አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ካልሲ በእጁ ይዞ ጎሕ እስኪቀድ ይቀመጣል።

ስኒውና ማዕዱ

ቡና ላይ ዐይናችሁን ጣሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የሚሄድ ሥርዓት የሰዓት ያህል ያገለግላችኋል፤ ሰውየው በየትኛው ላይ እንደሚነሣ ቁጠሩ። ወትሮ በረካውን ሳይጠጣ የማይነሣ ሰው በአቦል ስልኩን አይቶ ቢነሣ አንድ ጊዜ ሥራ ነው። በሦስት ትዕይንት ከተደገመ፣ በሦስተኛው ደግሞ ስልኩ ካልጮኸ፣ ጻፉት። ጎበዝ ደራሲ «አልጠጣም አለ» ብሎ አይጽፍም፤ ስኒው እንደ ሞላ መነሣቱን አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ያልፋል። ስኒ የሚያነሡ እጆችን አትዝለሉ።

አለመብላትን ከመመዝገባችሁ በፊት ቀኑን አረጋግጡ። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ የረመዳን ቀን በአምስተኛው ዓምድ የሚገቡ ናቸው። ጾመኛን ከታመመው የሚለየው የመፍቻው ሰዓት ነው። ጾመኛ ሰዓቱን ያውቀዋል፣ ይጠብቀዋል፤ ተምሩን ወይም እንጀራውን ሲያነሣ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። የታመመው ሰዓቱ ሲያልፍ አይታወቀውም። ጉርሻም እንደዚሁ ነው። ቢያጎርሱት ይቀበላል፣ ይሉኝታ አለበት፤ መቁጠር ያለባችሁ እሱ ለሰው ያጎረሰባቸውን ቦታዎች ነው። ጉርሻው ከየትኛው ገጽ በኋላ እንደቀረ ፈልጉ።

ከምግቡ ሳትወጡ የውሳኔን ነገርም እዚሁ ታገኙታላችሁ። ሦስት ተጠርጣሪ ፊቱ አቁሞ ውሸታሙን በዐይኑ የሚለይ ሰው አስተናጋጇ «ሽሮ ነው ፍርፍር?» ስትለው «ያለውን አምጪው» ይላል። መዝገቡ ላይ ያለው ውሳኔ በሥልጠና የሚሄድ ነው። ፍርፍርና ሽሮን ለመምረጥ ግን አንዱን መውደድ ያስፈልጋል፤ እሱ ነው የጠፋው።

ጫማና ካልሲ፣ ጃኬትና ቁልቁለት

የተወለወለ ጫማ አያታልላችሁ። ጫማው የሊስትሮው ሥራ ነው፤ ካልሲው የራሱ ነው። ሰው ፊት የሚታየውን ልብስና ማንም የማያየውን ለዩ፦ የሸሚዙ ክሳድ ከውስጥ በኩል፣ ጥፍሩ፣ ፎጣው፣ አልጋ ልብሱ፣ ከአንድ ሳምንት በፊት የተገዛ ሳሙና ከነወረቀቱ መቀመጡ። የተሸሸገ ድብርት ያለበት መርማሪ ብዙ ጊዜ ከደጅ ንጹሕ፣ ከጓዳ የተተወ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እየሰፋ ከሄደ ደራሲው ሆን ብሎ እየሠራው ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የተመሠረተ ታሪክ አንድ የተለየ መለኪያ ይሰጣችኋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ደሴ የለበሰውን ጃኬት ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቃል። ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንቦ መቀመጥ ብርድ እንጂ ምልክት አይደለም። ኮምቦልቻ ወርዶ በቀትር ያንኑ ጃኬት ሳያወልቅ የዋለ፣ ባልደረባው «አይሞቅህም?» ሲለው ያኔ ገና ያስተዋለ መርማሪ ግን ከሰውነቱ ጋር ተለያይቷል። (በጃኬቱ ሥር ሽጉጥ ይዞ ከሆነ ይህን ምልክት ሰርዙት፤ ደራሲው ሌላ ሥራ ሰጥቶታል።)

ሰላምታ፣ ስልክ፣ እድር

የሰላምታ ሥርዓታችን ረጅም ስለሆነ ለመደበቂያ ይመቻል። ጨዋ ሰው ታምሞም የሌላውን ልጆች፣ ከብቶች፣ ወገብ ሳይቀር ይጠይቃል። ስለዚህ የሚጠይቀውን አትቁጠሩ፤ ሲጠየቅ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። «አልሃምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» የሁሉም ሰው መልስ ነው፤ ከሱ ምንም አይወጣም። ከመልሱ በኋላ ወዲያው ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መመለሱ፣ በየትዕይንቱም እንዲሁ ማድረጉ ነው የሚጻፈው።

ስልክ ላይ የሥራና የራስ ልዩነት በግልጽ ይወጣል። የጣቢያውን ጥሪ በመጀመሪያው ጩኸት ያነሣል፤ የእህቱ ሲሆን እስኪያበቃ ይጠብቃል። እድርም ጥሩ ቦታ ነው። መዋጮውን አያጎድልም፣ በሰው ይልካል፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን የለም። ለቅሶ ቤት ቢሄድም ለምርመራ ነው የሚሄደው፤ ጥያቄውን ጠይቆ ንፍሮው ሳይቀርብ ይወጣል። ገንዘቡ ሳይቋረጥ ሰውየው የተቋረጠበትን ወር ካገኛችሁ የሕመሙን መጀመሪያ አግኝታችኋል ማለት ይቻላል።

አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። የተበደረውን ሁሉ በድንገት የሚመልስ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው የሚያድል፣ ከረጅም ክብደት በኋላ ያለምክንያት ሰክኖ የሚታይ መርማሪ ለብዙ አንባቢ «ተሻለው» ይመስላል። ሐኪሞች ይህን የአደጋ ምልክት አድርገው ያዩታል፤ እናንተም እንደዚያ አንብቡት። በመጽሐፍ ሳይሆን በምታውቁት ሰው ላይ ካያችሁት «ሞትን እያሰብክ ነው ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ጠይቁት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ፤ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (የቀድሞው ደሴ ሪፈራል) የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

አንድ ገጽ በቅርበት

ለልምምድ የጻፍነው ቁራጭ እነሆ። ይማም የፈጠራ ሰው ነው፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በእትዬ ዘሀራ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል።

«ይማም ቢሮውን ሲቆልፍ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኗል። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኖታል። ግቢው ሲገባ እትዬ ዘሀራ ከሰሉን እያራገቡ "ና እንጂ ልጄ፣ አቦሉ ደርሷል" አሉት። የገዛላቸውን ሁለት ኪሎ ስኳር በሩ ሥር አስቀምጦ ተቀመጠ። የሱቆቹን ሌባ የያዘው እሱ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

"እንኳን ደስ ያለህ" አሉት ስኒውን እያቀበሉት።

"የእርስዎም ሚዛን ተገኘ፤ ነገ ጣቢያ ብቅ ይበሉ።" ስለ ልጃቸው ፈተና ጠየቃቸው። ስለ ወገባቸው ጠየቃቸው።

"አንተስ ልጄ?"

"እኔማ አለሁ" ብሎ ስልኩን አየ። እህቱ ሦስት ጊዜ ደውላ ነበር። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

እትዬ ዘሀራ ለቶናው ስኒውን ሲያነሡ አቦሉ እንዳለ ነው። "ስኳር አነሰው?"

"ኧረ የለም እትዬ፣ በቅቶኛል።"

ክፍሉ ገብቶ መብራት አላበራም። አንድ ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ተቀመጠ። የሱብሂ አዛን ሲሰማ ሌላኛው ጫማ እግሩ ላይ ነበር።»

አሁን በዓምዶቹ እንሂድ። ጉሙን አትመዝግቡት፤ ደሴ ነው። ስኳሩን ማምጣቱ ደግነት ነው፤ ጭምብልም ሊሆን ይችላል፣ ግን ብቻውን አይቆጠርም። «እንኳን ደስ ያለህ» ለሱ የተባለ ነው፤ እሱ ወደ ሚዛኑ መለሰው። ደስታው ወደ መዝገቡ ገባ ማለት ነው፤ ይህ ለደስታ ማጣት እጩ ነው። ስኒው እንደ ሞላ መነሣቱ ለምግብ ፍላጎት ማጣት እጩ ነው፤ በአምስተኛው ዓምድ «ቢሮ ጠጥቶ ይሆናል» ብላችሁ ጻፉ። የእህቱ ሦስት ጥሪ ከዘጠኙ ውስጥ በቀጥታ የለም፤ ከሰው መራቁን ግን ያሳያል፣ በጎን ይያዝ። መብራቱ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል፤ ደራሲው የእትዬ ዘሀራ ክፍል መብራት እንዳለው ካልነገረን አይቆጠርም። ጫማው የገጹ ትልቁ ማስረጃ ነው። ከማታ እስከ ሱብሂ አንድ ጫማ ለማውለቅ ያልበቃ ጉልበት ለእንቅልፍም፣ ለመንቀርፈፍም፣ ለድካምም እጩ ነው። ከአንዲት ድርጊት ሦስት ምልክት መቁጠር ግን ስግብግብነት ነው፤ ሌላ ትዕይንት እስኪያጸናላችሁ አንዱን ብቻ፣ እንቅልፉን፣ ያዙ።

ድምሩ ሦስት እጩ፣ አንድ ምሽት። አምስት አልሞላም፣ ሁለት ሳምንትም አልሆነም። ከዚህ ገጽ ብቻ የምትሰጡት ብይን «ጥርጣሬ አለ» ነው፤ ከሱ በላይ የሚል አንባቢ ጫማውን ወዶት ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ኮምቦልቻ ላይ የሚውል መርማሪ ጫት የሚቅም ከሆነ ዓምዶቻችሁ ይዛባሉ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ መጨፍገግና ድካም ይተካል። ያ ማለት ከዘጠኙ አራት ያህሉን በርጫው ብቻውን ሊያስረዳ ይችላል። መፍትሔው የቃመባቸውንና ያልቃመባቸውን ቀናት ለይቶ መመዝገብ ነው። ባልቃመበት ቀንም፣ ሀራራው ካለፈ በኋላ፣ ስኒው ሞልቶ ከተነሣ ምልክቱ ይቆያል። አረቄ ላይም ያው ሥርዓት ይሠራል።

ሐዘን ከድብርት ጋር ይምታታል። እናቱን ቀብሮ ዓመት ያልሞላው፣ ጥቁር የለበሰ መርማሪ ቢከፋው ደንብ ነው። ሐዘን እንደ ማዕበል ይመጣና ይመለሳል፤ የሟቹ ነገር ሲነሣ ይበረታል፣ ሰው ሲያጽናናው ይለዝባል፣ በመካከሉ የሟቹን ቀልድ አስታውሶ መሳቅም አለ። ራሱን ከንቱ አድርጎ አያይም። ድብርት ግን ሳይነሡበትም አለ፤ አጽናኝ ሲመጣም አይነቃነቅም፤ ጥፋቱን ከራሱ ላይ ይፈልጋል። ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ከአርባውና ከሙት ዓመቱ በኋላ ያሉትን ትዕይንቶች ለብቻ አንብቡ።

ጦርነት በሁለቱ ከተሞች ካለፈበት ከ2014 ዓ.ም. በኋላ የሚካሄድ ታሪክ ከሆነ የሌላ ሕመም ልማዶችም ይጠብቋችኋል። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ብቻ መቀመጥ፣ የቆርቆሮ በር ሲዘጋ መደንገጥ፣ አንድን መንገድ እየዞሩ መሄድ፣ ቅዠት፤ እነዚህ ጦርነት አእምሮ ላይ የሚተወው ጠባሳ ልማዶች ናቸው። ድብርት ያዘገያል፣ ጠባሳ ያስደነብራል። ብዙ ጊዜ አብረው ቢሄዱም በደብተሩ ላይ በተለያየ ቀለም ጻፏቸው።

ወባም አትርሱ፤ ኮምቦልቻ ወባ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ናት። ብርድ ብርድ ካለው፣ ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ደራሲው የጻፈው ትኩሳት ነው።

በመጨረሻ ትዝታ። ትዝታና አምባሰል የተወለዱበት አገር ላይ ማታ ማታ የሐዘን ዜማ የሚያዳምጥ መርማሪ ሲገኝ «ድብርት ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተቃራኒው ነው። በትዝታ ሆዱ የሚባባ ሰው ገና ጣዕም አለው። መጨነቅ ያለባችሁ ራዲዮኑ ዝም ባለበት ገጽ ነው፤ ባትሪው አልቆ ለወር ያልገዛ ከሆነ።

ማን እያየ ነው?

ልማዱን የሚነግረን ሰው ራሱ ይታይ። ተራኪው የመርማሪው ጓደኛ ከሆነ ሁሉን ያያል፣ ሁሉንም ደግሞ በፍቅር ይተረጉመዋል። የእንግሊዙን የልብ ወለድ መርማሪ ሼርሎክ ሆምስን የሚተርክልን ጓደኛው፣ ሐኪሙ ዋትሰን፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በወጣው የመጀመሪያ ታሪክ ላይ ሆምስ ለቀናት ሶፋ ላይ ተጋድሞ ከጠዋት እስከ ማታ ቃል ሳይተነፍስ እንደሚውል፣ ዐይኑም ባዶ እንደሚሆን ይጽፋል። ዕፅ ሳይጠቀም አይቀርም የሚል ጥርጣሬም ሽው ይልበታል፤ ነገር ግን ሰውየው ንጹሕና ቁጥብ ስለሆነ ሐሳቡን ይጥለዋል። በ1890 በወጣው ሁለተኛው ታሪክ ግን ያው ሐኪም ጓደኛው ኮኬይን በቀን ሦስት ጊዜ ሲወጋ ለወራት እንዳየ ይነግረናል። ማስረጃው ትክክል ነበር፣ ብይኑ ተሳስቶ ነበር። ስለዚህ ተራኪው ያየውን ውሰዱ፣ የሰጠውን ምክንያት ወደ አምስተኛው ዓምድ ጣሉት። «ሥራ በዝቶበት ነው» የሚለው ምክንያት ከሦስት ጊዜ በላይ ከተደገመ ተራኪው ራሱ እየተጨነቀ ነው።

መርማሪው ራሱ «እኔ» እያለ የሚተርክ ከሆነ ድርጊቱን ተዉና አረፍተ ነገሩን ተመልከቱ። መጀመሪያ ላይ የቡናውን ጭስ፣ የበርበሬውን ሽታ፣ የሰውን ጥርስ ይገልጽ የነበረ ሰው ከምዕራፍ ስድስት በኋላ «በላሁ፣ ወጣሁ፣ ጠየቅኩ» ብቻ ከሆነ፣ የሬሳውን ቁስል ግን አሁንም በዝርዝር ከጻፈ፣ ሥራው እንዳለ ሆኖ ዓለሙ ደብዝዞበታል።

ማገገሙን ፈትሹ

መዝገቡ በተዘጋ ማግሥት መርማሪው ሲስቅ፣ ሲበላ፣ ለእህቱ ሲደውል ካገኛችሁት ደራሲው አልሠራበትም፤ ወይም ቀድሞውኑ ድብርት አልነበረም። የድብርት መድኃኒት ለውጥ ማሳየት ለመጀመር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ ሙሉ ውጤቱ ከዚያም ይዘገያል። ብዙ ጊዜ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ቀድመው ይመለሳሉ፤ ደስታ ወደ ኋላ ይቀራል። የታመነ መጨረሻ እንዲህ ያለ መዛነፍ ይኖረዋል፤ ሰውየው እስከ ጠዋት ይተኛል፣ ቶናውን ይጠጣል፣ በሰርግ ላይ ግን አሁንም ጥግ ይዟል።

ስትጨርሱ በደብተሩ መጨረሻ ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፤ አለ፣ ጥርጣሬ አለ፣ የለም። ከሥሩ የገጽ ቁጥሮቹን ደርድሩ። በክበብ የምታነቡ ከሆናችሁ ብይናችሁን ከመናገራችሁ በፊት ደብተሮቹን ተለዋወጡና እያንዳንዱ የሌላውን አምስተኛ ዓምድ ይሙላ፤ ለራስ ማስረጃ ሌላ ምክንያት መፈለግ ከባድ ነው፣ ለሰው ማስረጃ ግን ቀላል ነው። ያው መርማሪ በሚቀጥለው መጽሐፍ የሚመለስ ከሆነ ደብተሩን አትጣሉት፤ በሚቀጥለው መጽሐፍ የሰውየው ወትሮ ከዚህኛው መጨረሻ ይጀምራል።